ቤት ለቤት የዞረው ጅራት

በአላስካ ባሕር ዳር ባለችው መንደራችን በናውያክ ሰው ማንኛውንም ጉዱን በአደባባይ ይናገራል። ልጁ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ አዲሱን ሞተሩን ባሕር ውስጥ እንደከተተ፣ ሚስቱ ጥላው ወደ ከተማ እንደበረረች በመገናኛ ሬዲዮ ሳይቀር ያወራል። መንደሩም በየወጥ ቤቱ ሆኖ እየሰማ ያጽናናዋል። የሥጋ ጉድጓዱ ማንጠባጠብ እንደጀመረ ግን ነፍሱ ብትወጣ አይናገርም።

ምክንያት አለው። ጉድጓዶቹን የቆፈሩት አያቶቻችን ናቸው። በመሰላል ይወረድባቸዋል፣ ግድግዳቸው በጋም ክረምትም የማይቀልጥ የበረዶ አፈር ነው። ዓሣ ነባሪ በጸደይ በባሕሩ በረዶ ሥር ሲያልፍ የየቤቱን ጉድጓድ ያያል። ሴቲቱ የአምናውን ደም ፍቃ፣ ወለሉን አዲስ በረዶ አልብሳ ካገኛት ለባሏ ጀልባ ራሱን ይሰጣል። ቆሻሻ ጉድጓድ ካየ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውኃ ያዘ ማለት ሴትዮዋ ሰነፈች ማለት ነው። አየሩ ሞቀ የሚል ሰበብ ለሰው እንጂ ለዓሣ ነባሪ አይቀርብም።

ሌላም ሕግ አለን። ዓሣ ነባሪ ስስታምን ይሸሻል። "ይህን አስቀምጪልኝ" የተባለች ሴት "አይሆንም" ብላ አታውቅም። ሁለቱ ሕጎች ለብዙ ዘመን ሳይነካኩ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ መሬቱ መቅለጥ እስኪጀምር ድረስ።

አንድ ጊዜ ከደቡብ አንዲት ተመራማሪ መጥታ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ጉድጓድ ጠይቃን ነበር። ሁሉም ቤት ሻይ አፍልቶ አንድ መልስ ሰጣት። "የእኛ ደህና ነው፤ የጎረቤቶቻችን ግን ያሳስባል።" ሴትዮዋ መልሱን ስትደምር አንድም የቀለጠ ጉድጓድ አላገኘችም፤ ጎረቤት የተባለ ግን ሁሉ ቀልጧል። ደጋግማ ደመረችው። በመጨረሻ መንደሩን አዳራሽ ሰብስባ ስለ ጽናታችን አመሰገነችን፤ ባለ ቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ አስለጠፈችንና ሄደች።

እኔ ጉድጓድ የለኝም። ወንደላጤ ነኝ፣ የምበላውም ከእህቴ ቤት ነው። ያለኝ ባለ አራት ጎማ ሞተርና አንድ ተጎታች ነው። የሚያፍርበት ጉድጓድ የሌለው፣ ግን መጫኛ ያለው ሰው ምን ያህል ምስጢር እንደሚጫንበት ባለፈው ሰኔ አየሁት።

በዚያ ጸደይ ዓሣ ነባሪ ያገኘው የአለቃ ኦቲስ ጀልባ ብቻ ነበር። ያገኘ የጀልባ አለቃ በሰኔ መጨረሻ መንደሩን በሙሉ ያበላል። ለዚያ ቀን የሚቆየው ደግሞ ጅራቱ ነው። ጅራቱ ከተበላሸ በዓል የለም። በዓል ካልተደረገ ኦቲስ በሚቀጥለው ጸደይ ለአደን ወደ በረዶው ጫፍ የሚወጣበት ፊት አይኖረውም፤ ዓሣ ነባሪም ወደ እርሱ የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም። ይህን ጅራት የምትጠብቀው ሚስቱ ዶርቃስ ናት።

ዶርቃስ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። የምትጠራኝ ግን "አባቴ" ብላ ነው፤ አባቷ እንደሞቱ ስለተወለድኩ ታውቱክ የሚለው ስማቸው ለእኔ ወጣ። እኔም "ልጄ" እላታለሁ። አባትየው እኔ ብሆንም ታዛዡም እኔው ነኝ።

በሬዲዮ ብትጠራኝ መንደሩ ይሰማል። ስለዚህ በእግሯ መጣች። ዶርቃስ በእግሯ ከመጣች አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

"ማን ሞተ?" አልኳት።

"ቦት ጫማህን አድርግና ተነሳ።"

ከጉድጓዷ መሰላል ግርጌ ስደርስ እግሬ ጥልቅ አለ። ውኃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ባትሪውን አዞርኩ። አንደኛው ግድግዳ ላብ ይዞታል፣ ከሥሩ ጭቃ ተንዷል። ጅራቱ ተቆራርጦ የተከመረው ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ላይ ስለሆነ ገና አልተነካም፤ ቁርጥራጩ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ሆኗል።

"ልጄ፣ ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"ውኃው።"

"የምን ውኃ?" አለች። እርሷም እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃ ውስጥ ቆማለች።

እግሯን በባትሪ አበራሁላት። ከጣራው አንድ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ ሲያርፍ ጠረገችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለበዓሉ አይደርስም። በዚህ ከሰነበተ ይሸታል።"

"ኦቲስ ያውቃል?"

"ኦቲስ ዝይ አደን ወርዷል። ከፈለግህ ሂድና ንገረው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ደጄን እንዳታይ።"

"ታዲያ የት እናድርገው?"

"ሜብል ጋ። የሜብል ጉድጓድ በመንደሩ አንደኛ ነው ይባላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"ሜብል።"

ሜብል የሌላው አለቃ የሉተር ሚስት ናት። ከዶርቃስ ጋር ከልጅነት ጀምረው እንደ እህትማማች ናቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ለምን እንዳስነጠሰች ታጣራለች። ዶርቃስ በሯ ላይ ቆማ "ሜብልዬ፣ ለበዓሉ ጉድጓዴን ላጥብ ፈልጌ ነበር፤ ጅራቱን ለጥቂት ቀን ብታስቀምጪልኝ" አለቻት።

"ውይ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተሽቆጠቆጥሽው? ቤቴ ቤትሽ አይደል? አምጪው እንጂ!" አለች ሜብል። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነበር። እጇ ግን የበሩን እጀታ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ጨብጦታል።

በሰኔ እኛ ጋ ፀሐይ አትጠልቅም። ሌባ በናውያክ በረሃብ ያልቃል። ምስጢር የሚጓጓዘው መንደሩ አንድ ጣራ ሥር ሲሰበሰብ ብቻ ነው። ስለዚህ አርብ ሰዉ አዳራሽ ተሰብስቦ ቢንጎ የሚባለውን የዕጣ ጨዋታ ሲጫወት ጅራቱን በዶርቃስ አሮጌ የወጥ ቤት መጋረጃ ጠቅልለን ጫንኩት። ሜብል ከቢንጎው ቀርታ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ወደ ጉድጓድ ላውርደው?" አልኳት።

"አትልፋ፣ እዚሁ መግቢያው ላይ ተወው። ሉተር ያወርደዋል።"

ሉተር ከውስጥ "ምኑን?" አለ።

"ምንም!" አለችው። ወደ እኔ ዞራም "ታውቱክ፣ ዶርቃስ የኔ እህት ናት። ለሰው እንዳትናገር" አለችኝ።

በማግስቱ፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታው እንደተጀመረ፣ ሜብል አስጠራችኝ። ጥቅሉ እዚያው መግቢያው ላይ ነው፤ አሁን ግን መጋረጃው አይታይም። በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ በገመድ ተጠፍሯል።

"ይህን ፍሎሲ ጋ አድርስልኝ። ከእኛ የተረፈ ሥጋ ነው። የጉድጓዳችንን መሰላል ልናድስ ስለሆነ ነው።"

"ትናንት ያመጣሁት እኮ..."

"ትናንት ምን አመጣህ?"

አየኋት። አየችኝ።

"ምንም" አልኩ።

"ጎበዝ።"

ፍሎሲ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው የኤሞስ ሚስት ናት። ጥቅሉን ስታይ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አምላክ ለጎረቤት የምትጠቅም ስላደረጋት አመሰገነች። ምስጋናው ረዘም አለብኝ። ዘዴ እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። እሑድ ረፋድ፣ ኤሞስ ስብከቱን ሲጀምር፣ ፍሎሲ ራሴን አመመኝ ብላ ከአምልኮ ቀረች። ጥቅሉ በጥልፍ የገበታ ልብስ ተሸፍኖ ጠበቀኝ።

"ለአጎት ታይተስ ነው። ወንድሜ የላከልኝ ሥጋ ነው በለው። እኛ ጋ ልጆች የጉድጓዱን ክዳን እየከፈቱ አስቸገሩን።"

የፍሎሲ የመጨረሻ ልጅ አላስካን ለቆ ከወጣ ብዙ ጊዜው ነው። እኔ ግን ጫንኩ።

ታይተስ በመንደሩ ትልቁ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ይኖራል። ጉድጓዱን በተመለከተ ራሱ የሚያወራው ወሬ አለ። ትኩስ ሻይ ይዘህ ከወረድክ ጽዋው ከንፈርህ ሳይደርስ ይጋግራል። ጥቅሉን ሲያይ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

"ፍሎሲ ናት የላከችው?"

"አዎ አጎቴ።"

"እሷ ደግ ሴት ናት" አለ በኀዘን። "ምነው ትንሽ ክፉ ብትሆን።"

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እንድመጣ ነገረኝ። ስመለስ ጥቅሉ ላይ ሐምራዊ አንሶላ ተጨምሯል። ታይተስ ራሱም ተጎታቹ ላይ ወጥቶ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠ። "ወዴት ነው?" ስለው በዱላው ጠቆመኝ። የጠቆመኝ ወደ ዶርቃስ ቤት ነው።

ሞተሬን አጠፋሁ። ከዚያ መልሼ አስነሳሁት። ሦስት ቤት ምላሴን ይዘውታል፤ አራተኛው ላይ ብናገር የሦስቱንም እምነት አፈርሳለሁ ብዬ ነዳሁ።

ዶርቃስ በሩን ከፈተች። ሽማግሌው ከነጥቅሉ ቁጭ ብሎ አየችው።

"ዶርቃስ፣ ጉድጓዴ ከመጠን በላይ ቀዘቀዘብኝ" አለ ታይተስ። "ሥጋው ድንጋይ እየሆነ ቢላዋ አልገባ አለው። ያንቺ ልከኛ ነው ይባላል። ትንሽ የባሕር አውሬ፣ የዋልረስ ሥጋ ነው፣ ለጥቂት ቀን ብቻ።"

ዶርቃስ አየችኝ። እኔ ባሕሩን አየሁ።

"ምን ችግር አለ አጎቴ" አለች። "ጉድጓዴ ጉድጓድህ ነው።"

ታይተስ ወረደና ዱላውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ሄደ። እንደዚያ ሲራመድ አይቼው አላውቅም።

ዶርቃስ በሩን ዘጋች። "አባቴ፣ ይህን ደግሞ የት ልውሰደው? ሜብል ጋ እንደገና ብሄድ ትጠረጥራለች። ፍሎሲ ጋ ብንወስደውስ?"

ሳል ያዘኝ።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። ግን ዋልረስ መሆኑን አሽትተሽዋል?"

"የሰው አደራ ይሸተታል እንዴ?" አለች። አሸተተች ግን። አፍንጫዋ ቆመ። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቢላዋዋን አንስታ የታይተስን ገመድ በጠሰች።

ሐምራዊው አንሶላ ተገለጠ። ከሥሩ የገበታ ልብሱ ወጣ። ዶርቃስ ጥልፉን በጣቷ ነካችው፤ የፍሎሲን እጅ በመንደሩ የማያውቅ የለም። የገበታ ልብሱን ስትገልጥ ሰማያዊው ሸራ ታየ።

"ይህ የሉተር ጀልባ ሸራ ነው" አለች በቀስታ። "ጥጉ ላይ ያለውን ቀዳዳ የጣፍኩት እኔ ነኝ።"

ሸራውን ገለጠች። የራሷን መጋረጃ አየች። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

እጇን ሥጋው ላይ ጫነችበት። እኔም ጫንኩበት። ድንጋይ ነበር፤ ጠርዙ ላይ እንኳ አልለዘበም። ከመሬቱ ይልቅ የጎረቤቶቿ ኀፍረት ጠብቆላታል። እያንዳንዱ ቤት የሌላውን ጨርቅ ለመደበቅ የራሱን ሲያለብሰው ለሦስት ቀን ፀሐይ አላየም።

"ታውቅ ነበር?"

"እንዳልናገር ተብዬ ነበር።"

"እኔም እንዳትናገር ብዬህ ነበር።"

"ለዚህ እኮ ነው ዝም ያልኩት።"

የምትቆጣ መሰለኝ። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰች ብዬ ጎንበስ ስል እየሳቀች ነው። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ሥጋውን አየች፣ በመስኮት ፀሐይዋን አየች። አሁን ከዚህ ጥቅል በኋላ የሚሄድበት ቤት የለም፤ ሁሉም ተዳርሷል። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና የሬዲዮውን መነጋገሪያ አነሣች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሆኖ ቆየ።

"ኦቲስም ካምፑ ሆኖ ይሰማል" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ዓሣ ነባሪውስ?"

"እሱ ካየ ቆይቷል። ያላየው ጎረቤት ብቻ ነው" አለችና ቁልፉን ተጫነች። "ዶርቃስ ነኝ፣ ለሁሉም። ጉድጓዴ ውኃ ነው። ጅራቱ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ነው ያለው። ሐምራዊ አንሶላ፣ ባለ ጥልፍ የገበታ ልብስና ሰማያዊ ሸራ እጄ ላይ ይገኛል። አጥቤ እመልሳለሁ። የኔ ነው የሚል ይናገር።"

ሬዲዮው ዝም አለ። በናውያክ ሬዲዮ ዝም ብሎ አያውቅም፤ በቀብር ቀን እንኳ የሚያስል አይጠፋም።

መጀመሪያ የመጣው ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ፣ የኦቲስ ድምፅ ነው። "ዶርቃስ፣ ሰምቻለሁ። አምና አንቺ ቢንጎ ስትሄጂ በባልዲ ሳወጣው ነበር። እንዳታፍሪ ብዬ ነው።"

ዶርቃስ መነጋገሪያውን ግንባሯ ላይ አሳረፈችው።

"አንሶላው የእኔ ነው" አለ ታይተስ። "ጉድጓዴ ውስጥ ዳክዬ ገብታለች። አላባረርኳትም። ከብዙ ሰው የተሻለች ጎረቤት ናት።"

"የገበታ ልብሱ የእኔ ነው" አለች ፍሎሲ በቀጭን ድምፅ። "ከፍሪዘሩ ላይ ገፍፌው ነው።"

ከጀርባዋ የኤሞስ ድምፅ ተሰማ። "የቱ ፍሪዘር?"

"መጽሐፍ ቅዱስህን የምታስቀምጥበት ጠረጴዛ።"

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ተከፈተ። አንዷ ፍሪዘሯን ከልጇ አልጋ ሥር ደብቃለች፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ አልብሳ ቴሌቪዥን አስቀምጣበታለች። አንዱ ለሚስቱ የመሣሪያ ሳጥን ነው ብሎ ጋራዥ ውስጥ አኑሮታል፤ ሚስቱም የራሷን ፍሪዘር ቁም ሣጥን ውስጥ ስለደበቀች አልመረመረችውም። የመብራት ኃይል ሠራተኛው በመሐል ገብቶ "እባካችሁ፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ እንዳትሰኩ" አለ።

በመጨረሻ ሜብል በሬዲዮው መጣች። "ሸራ የሌለው ቤት አለ እንዴ?" አለችና ጠፋች።

ጅራቱን በመጥረቢያ ፈለጥነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በየደጁ ቆሞ እያየ፣ እስከ በዓሉ በየፍሪዘሩ እንዲቆይ ቤት ለቤት አደልኩት። ኦቲስ ከካምፕ ሲመለስ የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው፤ ከዚያ ፍሪዘሮቹን አንድ በአንድ ዞሮ አመሰገነ። የበዓሉ ቀን ሰዉ ብዙ ሰው ጠርዙን ይዞ በሚወጥረው የቆዳ ምንጣፍ ወደ ሰማይ እየተወነጨፈ፣ እየበላ ዋለ። ሜብል የመጣችው ትልቁን ሳህን ይዛ ነው። ዶርቃስ እስከ አፉ ሞላችላት።

የኦቲስ ፊት ተርፏል። ዶርቃስን የሚያስጨንቃት ግን መጪው ጸደይ ነበር። ጉድጓዷ ውኃ መሆኑን በሬዲዮ ያወጀችን ሴት ባል ዓሣ ነባሪ ይጎበኘዋል? ክረምቱን ሁሉ አሰበችበት። መጋቢት ላይ፣ ከበዓሉ በኋላ የገዛችውን ፍሪዘር ነቅላ ወደ ውጭ አሸከመችኝ፣ በፈላ ውኃ ፈተገችው፣ ውስጡንም በአዲስ በረዶ አለበሰችው።

"ዓሣ ነባሪው ይህን ያየዋል?" አላት ኦቲስ።

"ከባሕር ሥር ሆኖ በመሬት ውስጥ ያለ ጉድጓድ ሲያይ የኖረ ፍጡር የፕላስቲክ ክዳን ያግደዋል?"

በሳምንቱ ፍሪዘር ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይፈተግ ጀመር። አሁን የማን ፍሪዘር ጎማ ሻግቷል፣ የማን ክዳን ላይ የአምና ደም አለ የሚል ሐሜት መጥቷል። ኀፍረታችን አልቀለጠም፤ ቤት ቀየረ እንጂ። ፍሪዘር ደጅ ያልወጣው ከሜብል ቤት ብቻ ነው። "የእኛ ጉድጓድ ደህና ነው" ትላለች።

በሚያዝያ የበረዶው ጫፍ ከልማዱ ቀድሞ መሰባበር ጀመረ። ጀልባዎቹ የቀረችውን ጠባብ የበረዶ መስመር ይዘው ጠበቁ። የኦቲስ ጀልባ ጠበቀች። ዓሣ ነባሪው በአጠገቧ አልፎ ሄደና ከሉተር ጀልባ ፊት ወጣ።

ጉዷን ያልተናዘዘችው ሜብል ብቻ ስለሆነች መንደሩ ግራ ገባው። ኤሞስ ስለ ይቅርታ ሰበከ። ታይተስ "ዓሣ ነባሪው ሬዲዮ አይሰማም ማለት ነው" አለ። ዶርቃስ ቢላዋዋን ስላ ወደ በረዶው ወጣች፤ ከሜብል ጎን ቆማ እንደማንኛውም ሰው ሥጋውን በለተች። ሥጋው ተከፋፈለ። የሉተር ድርሻ፣ ጅራቱ ጭምር፣ በሜብል ደጅ ተቆለለ። ፀሐይዋም ያን ቀን ጠንከር ብላ ነበር።

ከዶርቃስ ጋር ሻይ እየጠጣን ሳለ ሬዲዮው ተንጫጫ።

"ሜብል ነኝ፣ ለሁሉም" አለ። ከዚያ ቆመ። ከኋላዋ ሉተር "በይ እንጂ!" ሲላት ተሰማ። "ጉድጓዳችን... ከካቻምና ጀምሮ ውኃ ነው። ፍሪዘር የለንም። ቦታ ያለው ሰው ይንገረኝ።"

ማንም ቁልፍ ሳይነካ ዶርቃስ ተጫነች። "እኔ ጋ አለ፣ ሜብልዬ። አምጪው።"



"ታጥቧል?" አለች ሜብል።

ዶርቃስ መነጋገሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በሁለት እጇም ሸፈነችው።

"አባቴ፣ ቶሎ ሞተርህን አስነሣና ሂድ" አለችኝ። "ሳልሰድባት አምጣው።"